በሕፃናት አንገት ላይ የሚወጣ ንፍፊት፦ መቼ ይጠበቃል? መቼ ይመረመራል? እንዴት ይታከማል?

በትናንሽ ልጆች አንገት ላይ ንፍፊት ማበጥ በጣም የተለመደ ነው። አብዛኛው ጉንፋኑ ወይም የጉሮሮ ሕመሙ ሲያልፍ በራሱ ይሟሽሻል። ጥቂቱ ግን በባክቴሪያ ተይዞ ይቀላል፣ ያተኩሳል፣ መግል ይቋጥራል። ሌላው ደግሞ እምብዛም ሳያምና ሳያተኩስ ለሳምንታትና ለወራት ቀስ እያለ ያድጋል፤ በአገራችን እንዲህ ያለው እብጠት ሲያጋጥም ቀድሞ የሚጠረጠረው የቲቢ ንፍፊት ነው።

ሦስቱ መጀመሪያ ላይ ይመሳሰላሉ፤ ሕክምናቸው ግን በጣም ይለያያል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ መድኃኒት አይፈልግም። ሁለተኛው በጊዜው ካልታከመ መግሉ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሕፃኑን አየር ቧንቧ ሊያጣብብ ይችላል። ሦስተኛው ወራት የሚወስድ ሕክምና ይፈልጋል፤ በምላጭ ወይም በጋለ ብረት ከተነካ ደግሞ ቶሎ የማይደርቅ ቁስል ይሆናል። ስለዚህ ለወላጅ ትልቁ ጥያቄ "እብጠቱ ስንት ቀን ሆነው?" የሚለው ነው።

ይህ ጽሑፍ በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጆች የተዘጋጀ ነው። በመሸንቲ፣ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የሚኖሩ ቤተሰቦች ሕክምናውን የት እንደሚያገኙም ያመለክታል።

ዋና ዋና ነጥቦች

- ከሽምብራ ፍሬ የማይበልጥ፣ ሲነካ የሚንቀሳቀስና የማያም ንፍፊት በጤነኛ ልጅ አንገት ላይ ሊገኝ ይችላል።
- በጥቂት ቀናት ውስጥ ያበጠ፣ የቀላ፣ የሚያምና ትኩሳት ያለው እብጠት በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ መታየት አለበት።
- ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነና በፀረ ባክቴሪያ ያልቀነሰ፣ ወይም ከአንድ ወር በላይ የቆየ እብጠት የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል።
- እብጠቱን አይብጡ፣ አይተኩሱ፣ አይጭመቁ።
- በትንሽ ልጅ ላይ ቲቢ ከተገኘ በአቅራቢያው የሚያስል ሰው ሊኖር ይችላል። ቤተሰቡ በሙሉ መመርመር አለበት።

ንፍፊት ምንድን ነው?

በሰውነታችን ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ እጢዎች አሉ። በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት በብዛት ይገኛሉ። ሥራቸው ከአካባቢያቸው የሚመጣውን ፈሳሽ ማጣራት፣ ጀርሞችን ይዞ ማስቀረትና የሰውነትን የመከላከያ ሕዋሳት ማንቃት ነው። ጀርም ሲይዙ በውስጣቸው ያሉት ሕዋሳት ይበዛሉ፤ ስለዚህ ያብጣሉ። በተለምዶ ንፍፊት የምንለው ይህንን ያበጠ እጢ ነው።

ሕፃናት ከአዋቂዎች ይልቅ ንፍፊት ይበዛባቸዋል። ሰውነታቸው ከብዙ ጀርሞች ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተዋወቀው በዚህ ዕድሜ ነውና። በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ጉንፋን የሚይዘው ልጅ አንገቱ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ትናንሽ ንፍፊቶች ቢዳሰሱ አያስደንቅም።

በአንገት ላይ ያበጠ ነገር ሁሉ ግን ንፍፊት አይደለም። ከጆሮ ሥር ጉንጭን ይዞ የሚያብጠው ጆሮ ደግፍ ሊሆን ይችላል። በአንገት መሐል ከፊት ለፊት የሚታይና ሲውጡ ከፍ ዝቅ የሚል እብጠት ከእንቅርት እጢ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ከልደት ጀምሮ ያሉ፣ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶችም አሉ። ይህንን የሚለየው ሐኪም ነው።

እብጠቱ ያለበት ቦታ ምን ይናገራል?

እያንዳንዱ ንፍፊት የሚጠብቀው የራሱ ክልል አለው። ስለዚህ ጤና ባለሙያው አንገቱን ብቻ ዓይቶ አይተውም፤ የልጁን ራስ፣ ጆሮ፣ አፍ፣ ጥርስና ጉሮሮ ይመለከታል።

- ከመንጋጋ በታች፦ ከቶንሲል፣ ከጉሮሮ፣ ከድድና ከተበላ ጥርስ ይመጣል።
- ከጆሮ ኋላና ማጅራት ላይ፦ ከራስ ቆዳ ይመጣል። ቆረቆር፣ ቅማል ታክኮ የፈጠረው ቁስልና በራስ ላይ የወጣ እባጭ ዋና ምክንያቶቹ ናቸው።
- ከጆሮ ፊት ለፊት፦ ከዓይን፣ ከፊት ቆዳና ከጆሮ ሊመጣ ይችላል።
- በአንገት ጎን ወደ ታች፦ ቲቢ በብዛት ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።
- ከአንገት ግርጌ፣ ከትከሻ ከፍ ብሎ ባለው ጎድጓዳ ቦታ፦ እዚህ ላይ የሚዳሰስ ንፍፊት ትንሽም ቢሆን ቸል አይባልም። ከደረት ወይም ከሆድ ውስጥ ካለ ሕመም ጋር ሊያያዝ ስለሚችል ቶሎ መመርመር አለበት።

የራስ ቆረቆሩ ሳይታከም ንፍፊቱ ብቻ ቢታከም ተመልሶ ያብጣል። ምንጩን መፈለግ የሕክምናው ግማሽ ነው።

በቀናት የሚያብጥ እና በሳምንታት የሚያብጥ

ልዩነቱን ለማየት ሁለት ልጆችን እናስብ።

የመጀመሪያዋ የሁለት ዓመት ልጅ ናት። ሰኞ ጉሮሮዋን አመማት፤ ረቡዕ ከመንጋጋዋ በታች በአንድ በኩል እብጠት ወጣ። ዓርብ እብጠቱ የእንቁላል ያህል ሆነ፤ ቆዳው ቀላ፣ ሲነካ ይሞቃል፣ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ታተኩሳለች፣ ምግብም አልወስድ ብላለች። ይህ ባክቴሪያ ያመጣው የንፍፊት ቁስለት ነው። በዚህ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ የሚያመጡት ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ እና ስትሬፕቶኮከስ የሚባሉት፣ በቆዳና በጉሮሮ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው።

ሁለተኛው የአራት ዓመት ልጅ ነው። እናቱ በአንገቱ ጎን ትንሽ እብጠት ካየች ሁለት ወር አለፈ። አያመውም፣ ይጫወታል፣ ይበላል። መጀመሪያ አንድ ነበር፤ አሁን ሦስት ሆነው እንደ ዘለላ ተያይዘዋል። ቆዳው ላይ ሙቀት የለም፤ ቀለሙ ግን ጠቆር እያለ መጥቷል። በመሐል አንዱ ለስለስ ብሏል። ከፋርማሲ የተገዛ ሽሮፕ ለአንድ ሳምንት ወስዶ ለውጥ አላመጣም። ይህ ልጅ የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ወላጆች ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚደነግጡት በመጀመሪያዋ ነው፤ መደንገጣቸውም ትክክል ነው። ሁለተኛው ግን ስለማያለቅስ ይረሳል። ብዙዎቹ የቲቢ ንፍፊት ያለባቸው ልጆች ትኩሳት፣ ሳል ወይም መክሳት ላይኖራቸው ይችላል። "ልጁ ደህና ነው፣ ይጫወታል" ማለት እብጠቱ ቀላል ነው ማለት አይደለም።

የቲቢ ንፍፊት በአገራችን

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ከፍተኛ ነው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ቲቢ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሳንባንና ሳልን ነው። ሆኖም በአገራችን በቲቢ ከሚታመሙት ሰዎች ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጉት በሽታው የሚገኝባቸው ከሳንባ ውጭ ነው፤ ከእነዚህም ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የንፍፊት ቲቢ፣ በተለይም የአንገት ነው።

በአማራ ክልል የንፍፊት ናሙናዎች ላይ የተደረጉ የላቦራቶሪ ጥናቶች እንዳሳዩት በሽታውን በአብዛኛው የሚያመጣው ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ የሚተላለፈው የቲቢ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው በሳንባ በኩል ይገባና በእጢዎቹ መስመር ወደ አንገት ይደርሳል። በጥሬ ወተት የሚመጣው የከብት ቲቢ ያነሰ ድርሻ አለው፤ ከብት በሚረባበት አካባቢ ወተት አፍልቶ መጠጣት ግን ለዚህም ለሌሎች በሽታዎችም አስፈላጊ ነው።

የንፍፊት ቲቢ ያለበት ልጅ ሳንባው ካልተያዘ በሽታውን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ከሌሎች ልጆች መለየት፣ ዕቃውን ለብቻ ማድረግ፣ መሳምና ማቀፍን መፍራት አያስፈልግም።

ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ልጁን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱ፦

- መተንፈስ ካስቸገረው ወይም ሲተነፍስ የታፈነ፣ ሻካራ ድምፅ ካሰማ፤
- ምራቁን መዋጥ አቅቶት ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቆመ፤
- አንገቱን ማዞር ወይም አፉን መክፈት ካቃተው፤
- እብጠቱ በሰዓታት ውስጥ በፍጥነት ከተለቀ ወይም አንገቱ በሙሉ ካበጠ፤
- በጣም ከደከመ፣ ለመንቃት ካስቸገረ ወይም ካንቀጠቀጠው፤
- ዕድሜው ከ3 ወር በታች ሆኖ ትኩሳት ካለው።

እነዚህ ምልክቶች መግሉ ከአንገት ውስጠኛ ክፍል መድረሱን ወይም ጀርሙ ወደ ደም መግባቱን ሊያሳዩ ይችላሉ። ክትባቱን ያልጨረሰ ልጅ ላይ ዘጊ አናዳም ጉሮሮን ዘግቶ አንገትን ሊያሳብጥ ስለሚችል የክትባት ካርዱን ይዘው ይሂዱ።

በጤና ተቋም ምን ዓይነት ምርመራ ይደረጋል?

ጥያቄና የአካል ምርመራ። ባለሙያው እብጠቱ መቼ እንደጀመረ፣ ልጁ ምን መድኃኒት እንደወሰደ፣ በቤት ውስጥ የሚያስል ወይም የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መኖሩን ይጠይቃል። የእብጠቱን መጠን ይለካል፤ ጥንካሬውን፣ ሙቀቱን፣ ከቆዳው ጋር መጣበቁን በእጁ ይዳስሳል። የልጁን ክብደትና የክንድ ዙሪያ ይለካል፤ ብብቱን፣ ብሽሽቱንና ሆዱንም ያያል። እርስዎም ቀኑን በትክክል ቢያስታውሱ፣ የተሰጠውን መድኃኒት ማሸጊያ ይዘው ቢሄዱ ሥራው ይቀልላል።

አልትራሳውንድ። በቆዳው ሥር ያለው ጠጣር ንፍፊት መሆኑን ወይም መግል መቋጠሩን ያሳያል። አያምም፣ ጨረርም የለውም።

በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ። ለዘገየ እብጠት ዋናው ምርመራ ይህ ነው። ባለሙያው በቀጭን መርፌ ከንፍፊቱ ጥቂት ጠብታ ይወስዳል። የሚያመው እንደ ክትባት መርፌ ያህል ነው፤ ልጁን አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል እንጂ ብዙውን ጊዜ ማደንዘዣ አያስፈልግም። ናሙናው በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ለጂን ኤክስፐርት ምርመራም ይላካል። ጂን ኤክስፐርት የቲቢ ባክቴሪያን ዘረ መል የሚፈልግ ማሽን ነው። ናሙናው ከገባ በኋላ በሁለት ሰዓት ገደማ ውጤት ይሰጣል፤ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑንም ያሳያል።

ብዙ ወላጆች "መርፌ ከገባበት ይመረቅዛል፣ ወደ ካንሰር ይለወጣል" ብለው ይሰጋሉ። ይህ እውነት አይደለም። ቀጭኗ መርፌ በሽታውን አታባብስም፤ ልጁ ያለ ምርመራ ወራት ቢያሳልፍ ግን ጉዳቱ ይሰፋል።

የደረት ራጅ እና ሌሎች ምርመራዎች። ቲቢ ከተጠረጠረ ሳንባውም መያዙን ለማወቅ ራጅ ይነሣል። ትናንሽ ልጆች አክታ መትፋት ስለማይችሉ ከሰገራ ናሙና በጂን ኤክስፐርት መመርመር ይቻላል። በክንድ ቆዳ ውስጥ የሚሰጥና ከ2 እስከ 3 ቀን በኋላ የሚነበብ የቲቢ የቆዳ ምርመራም አለ። የኤች አይ ቪ ምርመራ ቲቢ ለተጠረጠረበት ልጅ ሁሉ ይደረጋል፤ የሕክምናውን አካሄድ ስለሚወስን ነው እንጂ ቤተሰቡ ተጠርጥሮ አይደለም።

ማስታወስ የሚገባው ነገር፦ የጂን ኤክስፐርት ውጤት "አልተገኘም" ቢል ቲቢ የለም ማለት አይደለም። በሕፃናት ንፍፊት ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ቁጥር ጥቂት ስለሆነ ሊያመልጥ ይችላል። ሐኪሙ የማይክሮስኮፕ ውጤቱን፣ የእብጠቱን ታሪክና በቤት ውስጥ ታማሚ መኖሩን አንድ ላይ መዝኖ ሕክምና ሊጀምር ይችላል። ጥርጣሬው ካልጠራ ንፍፊቱ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ይመረመራል።

ሕክምናው

1. ከጉንፋን ጋር የመጣ ትንሽ ንፍፊት

በቫይረስ ምክንያት ያበጠ ንፍፊት ፀረ ባክቴሪያ አይፈልግም። ልጁ ደህና ከሆነ ከ2 እስከ 4 ሳምንት እየተከታተሉ መጠበቅ ይቻላል። ትኩሳት ወይም ሕመም ካለው ፓራሲታሞል ይሰጣል፤ መጠኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ሲሆን በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ ነው። ለምሳሌ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ይወስዳል። አስፕሪን ለልጆች አይሰጥም። እብጠቱን በየቀኑ መነካካትና መጨበጥም አይገባም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ መዳሰስ በቂ ነው።

2. በባክቴሪያ የተያዘ ንፍፊት

ስታፊሎኮከስንና ስትሬፕቶኮከስን አንድ ላይ የሚያጠቃ ፀረ ባክቴሪያ ይታዘዛል። ክሎክሳሲሊን፣ ሴፋሌክሲን እና አሞክሲሲሊን ከክላቩላኔት ጋር የተቀላቀለበት ኦግሜንቲን የሚታዘዙ ናቸው። አሞክሲሲሊን ብቻውን በብዛት ስታፊሎኮከስን ስለማያሸንፍ ጎረቤት ቤት የተረፈውን ሽሮፕ መስጠት አይጠቅምም። ከተበላ ጥርስ የመጣ ከሆነ ጥርሱም መታከም አለበት።

መድኃኒቱ በተጀመረ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ትኩሳቱ መውረድ፣ ሕመሙም መቀነስ አለበት። ካልቀነሰ ልጁን መልሰው ይውሰዱ። ከተሻለው ደግሞ ሐኪሙ ያዘዘውን ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን፣ ይጨርሱ። እብጠቱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ እየቀነሰ ከሆነ አያሳስብም። ሽሮፑን በቤት ማንኪያ ከመስፈር ይልቅ አብሮት በሚመጣው መለኪያ ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይለኩ።

በጣም ያተኮሰ፣ የሚያስታውክ፣ መድኃኒት መዋጥ ያልቻለ ወይም ገና ጨቅላ የሆነ ልጅ ሆስፒታል ተኝቶ በደም ሥር መድኃኒት ይሰጠዋል።

3. መግል ከቋጠረ

መግል ለተጠራቀመበት ንፍፊት መድኃኒት ብቻውን አይበቃም። መግሉ በሐኪም እጅ፣ በንጹሕ መሣሪያና በማደንዘዣ በመርፌ ይመጠጣል ወይም ተከፍቶ ይወጣል። ከወጣው መግል ናሙና ወስዶ መመርመር ጥሩ ነው፤ አንዳንዴ ተራ እባጭ የመሰለው ቲቢ ሆኖ ይገኛልና።

4. የቲቢ ንፍፊት

የቲቢ ንፍፊት በመድኃኒት ይድናል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድ እና ኢታምቡቶል፣ ቀጥሎ ባሉት 4 ወራት ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ይወሰዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ቀለል ያለ ቲቢ ላለባቸው ልጆች የ4 ወር ሕክምና እንደሚበቃ አስታውቋል፤ የአንገት ንፍፊት ቲቢም ከነዚህ ይመደባል። ምክሩ የተመሠረተው በዩጋንዳ፣ በዛምቢያ፣ በደቡብ አፍሪካና በሕንድ 1,204 ልጆች በተሳተፉበት ጥናት ላይ ነው። የእርስዎ ልጅ ስንት ወር እንደሚወስድ የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው፤ በራስዎ አያሳጥሩት።

ለልጆች የተዘጋጀው ክኒን በውሃ የሚሟሟና ጣዕም ያለው ነው። ቁጥሩ በክብደት ስለሚወሰን ልጁ ኪሎ ሲጨምር መጠኑም ይስተካከላል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይስጡ። ሽንቱ ብርቱካንማ ቢሆን አይደንግጡ፤ ሪፋምፒሲን የሚያመጣው ነው። ነገር ግን ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ከወጣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋሙ ይመለሱ። ምግብ ያነሰው ልጅ ተጨማሪ ቫይታሚን ቢ6 ሊታዘዝለት ይችላል።

5. ሌሎች ምክንያቶች

የቢሲጂ ክትባት ከተሰጠ በኋላ በዚያው ክንድ በኩል በብብት፣ አልፎ አልፎም በአንገት ግርጌ ንፍፊት ሊያብጥ ይችላል። ልጁ ጤነኛ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ያለ መድኃኒት ይጠፋል፤ ቢሆንም ለጤና ባለሙያ ያሳዩት። ኤች አይ ቪ በብዙ ቦታ ንፍፊት ያሳብጣል። ጠንካራ፣ የማይንቀሳቀስ፣ በፍጥነት የሚያድግ እብጠት ከክብደት መቀነስ ወይም ከሰውነት መገርጣት ጋር ከመጣ የደም ወይም የንፍፊት ካንሰር እንዳይሆን ይመረመራል። በልጆች ላይ የሚከሰት ብዙ ካንሰር በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል።

መድኃኒት እየወሰደ እብጠቱ ቢጨምርስ?

የቲቢ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወይም ወራት ንፍፊቱ ይበልጥ ሊያብጥ፣ አዲስ ሊወጣ፣ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ብዙ ቤተሰብ መድኃኒቱን የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ይህ የሚሆነው የሰውነት መከላከያ ነቅቶ ከሞቱት ባክቴሪያዎች ቅሪት ጋር ሲታገል ነው። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። ሳያቋርጡ ለሐኪም ያሳዩ። ሐኪሙ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ አለመሆኑን ያረጋግጣል፤ ካስፈለገም በመርፌ ፈሳሹን ይመጥጣል። ሕክምናው ሲያልቅ ትንሽ፣ ጠንካራ ጠባሳ መሳይ ንፍፊት ቢቀርም በሽታው አለ ማለት ላይሆን ይችላል።

ማስበጣት፣ መተኮስ፣ ቅጠል መለጠፍ

በገጠርም በከተማም እብጠቱን በምላጭ ማስበጣት፣ በጋለ ብረት ማስተኮስ፣ ቅጠል ቀጥቅጦ መለጠፍ፣ "የጉሮሮው ነው" ብሎ እንጥል ማስቆረጥ አሁንም አለ። የሚደረገው ልጁን ለማዳን ታስቦ ነው። ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። የቲቢ ንፍፊት ሲቀደድ ቀዳዳው ሳይዘጋ ለወራት እየፈሰሰ ይቆያል፤ ጠባሳውም ዕድሜ ልክ ይቀራል። በአንገት ውስጥ ትላልቅ የደም ሥሮችና ፊትን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮች አሉ፤ ያልታጠበ ምላጭ ደግሞ ቴታነስና ሌላ በሽታ ያስገባል።

ቤተሰቡ ጠበል የሚያስጠምቅ ከሆነ ከሕክምናው ጋር አይጋጭም፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፣ የተከፈተ ቁስልም እንዳይረጥብ ብቻ ያድርጉ።

ከልጁ ኋላ ያለው ሰው

ትንሽ ልጅ ቲቢን ከጎረቤት ልጆች አያመጣም ማለት ይቻላል፤ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ አብሮት ከሚያድር ወይም አዘውትሮ ከሚያቅፈው አዋቂ ነው። ስለዚህ የልጁ ንፍፊት ቲቢ ሆኖ ሲገኝ በቤቱ ውስጥ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል፣ ሌሊት የሚያልበው ወይም የከሳ ሰው ይፈለጋል። አያት፣ አጎት፣ ሞግዚት፣ ተከራይም ይጠየቃሉ። ታማሚው ሲገኝና ሲታከም ሌሎቹ ልጆችም ይተርፋሉ።

ታማሚ ባልሆኑት፣ በተለይ ከአምስት ዓመት በታች በሆኑት የቤቱ ልጆች ላይ ደግሞ ቲቢ እንዳይነሣ የመከላከያ መድኃኒት ይሰጣል። ያልታመመ ልጅ መድኃኒት መውሰዱ ለአንዳንድ ወላጅ ግራ ይሆናል፤ ነገር ግን ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ነው።

በመሸንቲና በአካባቢው የት ይኬዳል?

መሸንቲ ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነች በሁለት ደረጃ መታከም ይቻላል። መጀመሪያ በቀበሌው ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያማክሩ ወይም በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ለተራ የባክቴሪያ ንፍፊት ሕክምናው እዚያው ይጀመራል፤ የቲቢ መድኃኒት ክትትልም ለቤት በሚቀርበው ጤና ጣቢያ ሊሆን ይችላል።

የመርፌ ናሙና፣ አልትራሳውንድ ወይም ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ጤና ጣቢያው በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይልካል። በባሕር ዳር የፈለገ ሕይወት እና የጥበበ ጊዮን ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች የሕፃናት ሐኪሞች አሏቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የመድን ደብተሩንና የሪፈር ወረቀቱን አይርሱ፤ ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ መሄድ ወጪ ሊያስከትል ይችላል። አደገኛ ምልክት ካለ ግን ወረቀት ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሪፈር ተጽፎላቸው የገበያ ቀን፣ የእርሻ ሥራ ወይም የትራንስፖርት ብር ያዘገያቸው ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ወዲያው መሄድ ካልቻሉ ለጻፈልዎ ባለሙያ ይንገሩ፤ ቀጠሮ ይሰጥዎታል፣ በመሐሉም ልጁን ይከታተላል።

ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ከፋርማሲ ፀረ ባክቴሪያ ገዝቼ ብሞክርስ? አይመከርም። በተለይ እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉት ቲቢን ለጊዜው አዳክመው ምርመራውን ያሳስታሉ፤ ባክቴሪያውም መድኃኒት እንዲላመድ ያደርጋሉ።

ልጄ የቢሲጂ ክትባት ወስዷል፤ ቲቢ ሊይዘው ይችላል? ይችላል። ቢሲጂ በዋናነት ሕፃናትን ከማጅራት ገትር ቲቢና በመላ ሰውነት ከሚሰራጨው ከባድ ቲቢ ይከላከላል። የንፍፊት ቲቢን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ቢሆንም መከተብ የግድ ነው።

ጡት ማጥባት ላቁም? አያቁሙ። በባክቴሪያ ንፍፊትም ሆነ በቲቢ ሕክምና ጊዜ ጡት ይቀጥላል። ትልልቆቹ ልጆች ከእንቁላል፣ ከጥራጥሬ፣ ከፈላ ወተትና ከአትክልት የተዘጋጀ ምግብ ያስፈልጋቸዋል።

እንደገና እንዳይወጣ ምን ላድርግ? የራስ ቆረቆርንና ቅማልን በጊዜ ያሳክሙ፤ ጥርስ ሲቦረሽ ይርዱት፤ የሚመግል ጆሮን ችላ አይበሉ፤ ክትባቱን ያስጨርሱ፤ ወተት አፍልተው ይስጡ፤ ቤት ውስጥ መስኮት ይክፈቱ፤ የሚያስል ሰው ካለ ያስመርምሩ።

ዛሬ በልጅዎ አንገት ላይ እብጠት ካገኙ ቀኑን በክትባት ካርዱ ጀርባ ላይ ይጻፉ፤ መጠኑንም ከሽምብራ፣ ከባቄላ ወይም ከእንቁላል ጋር አወዳድረው ያስፍሩ። በሁለት ሳምንት ካልቀነሰ፣ ወይም ከዚያ በፊት ከላይ ከተዘረዘሩት ምልክቶች አንዱ ከታየ፣ ያንን ካርድ ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ለሐኪሙ ከሚነግሩት ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ያ ቀን ነው።

*ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ዕውቀት የቀረበ ነው፤ የሐኪም ምርመራንና ምክርን አይተካም።*